ከጋቢናው ሥር የሚመጣ ድምፅ

ጅማ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ከሥራው በጡረታ ከተሰናበተ ቆየት ብሏል፤ ያረጀች ነጭ መኪና አለችው። ባለቤቱ አስካለ ካረፈች ወዲህ ቤቱም መኪናውም ጸጥ ብለዋል።

አስካለ በሕይወት ሳለች እሱ መንገዱን ያያል፣ እሷ ደግሞ ትሰማ ነበር። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም፤ አብሮ መኖር ያከፋፈላቸው ሥራ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ትለዋለች።

«ምንም አይደለም።»

«ምንም ያልሆነ ነገር አይንኳኳም። አቁምና እይ!»

ሲያቆም ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ያገኛል። አንዳንዴ ደግሞ የሚንኳኳው በእሷው ዘንቢል ውስጥ ያለ የድስት ክዳን ይሆንና ሁለቱም ይስቃሉ።

ካረፈች በኋላ ጋቢናው፣ እሷ ከጎኑ የምትቀመጥበት ወንበር፣ የዣንጥላዋ ብቻ ሆነ። ጥቁሩ ዣንጥላ ትታው በሄደችበት አኳኋን ተጋድሞ ቀረ። ጎረቤቶች «አድርሰን» ሲሉት «ኋላ ግቡ» ይላል። ሽማግሌ ቢሆንም ኋላ ነው። በእኛ አገር ጋቢና የታላቅ ቦታ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታላቅ ሰው ኋላ አስቀምጦ ጋቢናን ለዣንጥላ መተው ነውር ነው። ሰዎቹ አልተቀየሙትም፤ ሐዘኑን ያውቃሉ። ነገር ግን ቀስ በቀስ መጠየቅ ተዉ። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለው።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ቤት ጉርምርም ይላል። መኪናዋ ስትፈጥን ይበረታል፤ ስታዘግም ይደክማል። ሰውየው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ድምፁ ሲብስ፣ ሬዲዮውንም አባሰው።

በዚህ መሀል የአስካለ ሙት ዓመት ተቃረበ። መታሰቢያው የሚደረገው ወልቂጤ፣ እህቷ ቤት ነው። ከጅማ ወልቂጤ ለመድረስ ደግሞ የግቤን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ገደሉ በአንድ ወገን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በምትጮህ መኪና ያንን መውረድ ፈራ። መቅረትም አይቻለውም። በአውቶቡስ ልሂድ እንዳይል፣ አስካለን ወደ አገሯ ይወስዳት የነበረው በዚህችው መኪና ነው፤ ለመታሰቢያዋ በሌላ መሄድ አልሆንልህ አለው።

መጀመሪያ ጎሚስታ ዘንድ ሄደ። ጎማ ሠሪው ዞር ዞር ብሎ አየና «ጎማው ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል፤ የሚጮኸው እሱ ነው» አለው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አቀያየረለት። ጎማው ቢሆን ኖሮ ድምፁም አብሮ ይለወጥ ነበር። ምንም አልተለወጠም።

ከዚያ ሙኽታር የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። ሙኽታር መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን ተራ በተራ በእጁ አሽከረከረ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ዝም።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ሰው ፊት ታፍራለች መሰለኝ» አለ።

«አሁን ስመጣ ትጮህ ነበር እኮ!»

«እሱማ ሸክም ኖሮባት ነዋ! አየር ላይ ተሰቅሎ ማን ይጮኻል? ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ብረት። ሲያልቅ ያጉረመርማል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን መሬት ላይ፣ ክብደት አርፎበት ነው።»

ወደ መንገድ ወጡ። ሙኽታር ይነዳል፣ ሰውየው ከኋላ ተቀምጧል።

«ከየት ነው የሚመጣው ጋሼ?»

«ከግራ… አይ፣ ከኋላ… ከሁሉም ቦታ ነው።»

«እስኪ ጋቢና ይምጡና ያዳምጡ።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ልቀመጥ።»

«እሱም አይሆንም።»

ሙኽታር ዣንጥላውን አየ።  ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና እንዲህ አለው፦ «በግምት ከፈታሁ ደኅናውን አውጥቼ የታመመውን ልተወው እችላለሁ። ግቤን የሚወርዱት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሰው ይዘው ይምጡ ጋሼ። እኔን ካልወደዱ የሚወዱትን። ብቻ እዚያ ሰው ይቀመጥ።»

ሰው ይዘህ ና! ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም? ሙኽታር ሲወርድ ሰውየው በቦታው ገባና መሪውን ይዞ እዚያው ቀረ። ሰላምታ የሚሰጡትን በልቡ ቆጠረ፤ ብዙ ናቸው። «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» የሚለውን ሲፈልግ ግን ከተማው በሙሉ ባዶ ሆነበት።

በመጨረሻ እትዬ አቦነሽ ትዝ አሉት። ጎረቤቱ ናቸው፤ ከአስካለ ጋር እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይሄዱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በሰሃን ምግብ ይዘው በሩን ሲያንኳኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ «ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ይዘጋዋል። እሳቸውም ሲደጋገምባቸው እግራቸውን ሰበሰቡ።

አሁን እሱ አንኳኳ።

«እትዬ፣ ላስቸግርዎት ነበር። መካኒኩ ክብደት ያስፈልጋል ብሎኝ፣ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«የሚቀመጥ ብቻ?»

«የሚሰማም።»

እትዬ አቦነሽ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ስንት ጊዜ በርህን አንኳኩቼ፣ አንተ የእኔን ያንኳኳኸው ለክብደት ፈልገኸኝ ነው? ቆይ እስኪ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

የጋቢናውን በር ሲከፍቱ «ኋላ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። እትዬ አቦነሽ ዣንጥላውን አነሡት። ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ በሁለት እጃቸው ያዙት። እሱም ሬዲዮውን ሳይከፍት ወደ ሰርቦ መንገድ ነዳ። ፍጥነት ሲጨምር ያ ጉርምርምታ መጣ።

«ከየት ይሰማዎታል?»

«ከጆሮዬ ይልቅ እግሬ ነው የሚሰማው። ይኸው እዚህ፣ ጫማዬ ሥር። ወደ ግራ ስትዞር ደግሞ ይብስበታል። ይህን ተሸክመህ ነው ስትዞር የከረምከው?»

«ከየት እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።»

«ምን ብለህ ታውቀዋለህ? አንተ ያለኸው እዚያ፣ እሱ ያለው እዚህ!»



«እትዬ… እዚያ ወንበር ላይ ማንም…»

«አውቃለሁ። ዣንጥላዋን ወደ ኋላ ያልወረወርኩት ለዚያ ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለስ አደረጉ። «እኔም ከእሷ ወዲህ እሑድ እሑድ ብቻዬን ነው የምሄደው። አንድ ቀን ‹እንዴት ነዎት› አላልከኝም።»

ወደ ሙኽታር ጋራዥ ነዳ።

ሙኽታር ከጋቢናው በኩል ያለውን የፊት ጎማ ፈታ። ኩሽኔታው በውስጡ ተቦርቡሮ ነበር። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየውና «ከዚህ ጋር ግቤን ባይወርዱ ጥሩ ነው» አለ። አዲሱን አስገባለት።

ለሙት ዓመቱ ሲወርዱ እትዬ አቦነሽ ጋቢና ነበሩ፤ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች ኋላ። የግቤ ጠመዝማዛ ላይ እትዬ አቦነሽ ድንገት ጆሯቸውን አቀኑ።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

ሰውየው አዳመጠ። «የእርስዎ ዘንቢል ነው እትዬ። የድስት ክዳን።»

ኋላ ያሉት ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። 

ወገኖቼ፣ ሐዘኑ ለቀቀው አላልኳችሁም። ኩሽኔታ ይቀየራል፤ ሰው አይቀየርም። የአስካለ ቦታ የአስካለ ነው። ግን እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ቦታዋን ያከበረላት የትኛው ነው? ብቻውን የተጋደመው ዣንጥላ ነው ወይስ በሌላ ሰው ጭን ላይ በሁለት እጅ የተያዘው?

እኛስ? እኛስ ምን እናደርጋለን? ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንገናኝ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» እንባባላለን። «እግዚአብሔር ይመስገን!» እንላለን። መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ሁልጊዜ ይመስገን። ነገር ግን ያን ጊዜ እንደዚያች መኪና በክሪክ ላይ ነን፤ ሸክማችን መሬት አልነካም። በቀላሉ እንሽከረከራለን፤ ድምፅም የለንም። የምንጮኸው ቤታችን ገብተን በሩን ስንዘጋ ነው። ያንን ማን ይሰማዋል? ሬዲዮው እንዳይሰማ ያደርገዋል እንጂ አይጠግነውም።

እግዚአብሔር ያለ ቃል የሚያጉረመርመውን ልብ ይሰማል። ሰምቶ ግን ብዙ ጊዜ የሚልክልን ሰው ነው፤ ሰሃን ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው። እኛ «ደኅና ነኝ» ብለን የመለስነው ማንን ይሆን?

እናንተ በር ላይ ተመልሳችሁ የቀራችሁም፣ አትቀየሙ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንኳኩ። በውስጥ ያለው ሰው «ግባ» ማለት አቅቶት እንጂ ጠልቷችሁ አይደለም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ሰው «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ይላችኋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» በሉት። ከዚያ በኋላ ግን ዣንጥላውን አንሡና አጠገባችሁ ቦታ ስጡት፤ የሚያጉረመርመውን ይስማላችሁ። ከፊታችን ገና ቁልቁለት አለ።