የአያ ሽታሁን ልብ

አንድ ቀን፣ ክልሉ የልብ ሕመምንና የደም ግፊትን ለመቀነስ ትልቅ ዘመቻ በጀመረበት ዓመት ነው፣ አያ ሽታሁን የሚባሉ የሰንበሌ ገበሬ በማለዳ ተነስተው ወደ ወረዳው ከተማ ወረዱ። ዘመቻው ሀብታም ከድሃ፣ ከተሜ ከገጠሬ ሳይለይ ሁሉንም በእኩል ይመረምራል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። አያ ሽታሁን ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይጨንቃቸዋል፣ ጆሯቸው ላይ ይጮህባቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ ዓይነት ሕመም ከማሳው ላይ ወድቆ ስለቀረ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዓለም ሳይመረመሩ ቢመለሱ በሩን እንደማይከፍቱላቸው ነግረው ነው የሸኟቸው።

አምስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ሲደርሱ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰውም ተሰልፏል። ሲስተር የሺመቤት የምትባል ነርስ የሰውን ክንድ እየጠቀለለች ግፊት ትለካለች። ድንኳኑ በር ላይ ዘመቻውን የሚያስተባብሩት አቶ ልሳነወርቅ ድምፅ ማጉያ ይዘው ይናገራሉ። እኚህ ሰው የማያውቁት ነገር የለም፤ በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ሕመሙን የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

የአያ ሽታሁን ተራ ደርሶ ወደ ነርሷ ሲጠጉ አቶ ልሳነወርቅ ከየት እንደመጡ ጠየቋቸው። ከሰንበሌ መምጣታቸውን ሲሰሙ የስም ዝርዝራቸውን ገለጡ። የከተማው ሰው እንጂ የገጠሩ የለበትም። ገጠሩ የሚታየው በሁለተኛው ዙር፣ የመኪና መንገድ ሲገባለት እንደሆነ አስረዷቸው። መንገዱ መቼ ይገባል ቢሏቸው፣ እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው አሉ።

ሆኖም ያን ያህል ተጉዘው መጥተው በባዶው እንዳይመለሱ ብለው ምክር ጀመሩላቸው። ጮማ እንዲቀንሱ መከሯቸው፤ አያ ሽታሁን ሥጋ ከቀመሱ ከፋሲካ ወዲህ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ቀጥለው ለልብ ጤና በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ግዴታ ነው አሏቸው።

«ዛሬ አምስት ሰዓት ሄጃለሁ» አሉ አያ ሽታሁን። «የአሥር ቀኑን ጨርሻለሁ ማለት ነው። የቀረውን ዘጠኝ ቀን እርስዎ ቤት ተቀምጬ ልረፍ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። የአቶ ልሳነወርቅ ፊት ቀላ። የከተማው ሰው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ጊዜ ከተረፈ እንደሚታሰብላቸው ተናገሩና፣ አንቱታውንም ረስተው፣ «እስከዚያው ዳር ይዘህ ቁም» አሏቸው።

አያ ሽታሁን አልተነቃነቁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና ጎንበስ አሉ።

«ጌታው፣ ቁም ያሉት እኔን ነው ወይስ ልቤን? እባክዎ ለይተው ይንገሩን። እኔስ ብቆም ምንም አይደል፤ ሲደክመኝ እቀመጣለሁ። እሱ ግን እንደሚያዩት ገጠሬ ነው፤ ሹም ያዘዘውን እሺ ማለት ይወዳል። እዚሁ ደጃፍዎ ላይ ቢቆምስ?»

ሲስተር የሺመቤት ሳቋን እንደምንም ውጣ፣ ማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ክንዳቸውን ጠቀለለች። ግፊታቸው በዚያን ዕለት ከተለካው ሰው ሁሉ በልጦ ተገኘ፤ መድኃኒታቸውንም ይዘው በደህና ገቡ። አቶ ልሳነወርቅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ድንኳኑ በር ላይ ለደረሰ ሰው ሁሉ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» እንጂ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልወጣም ይባላል።