«ነክቻለሁ» ያለው ሰው

«አንድ የፊዚክስ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ይርዳው። ተማሪያቸው ሰብለ ስትደክምበት የኖረችው ምርምር ተዘግቶባት፣ «ጋሼ፣ ያልተሳካ ሥራ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ምን ያተርፋል?» ብላ ገና አፏን ሳትገጥም ነው የጀመሩት።

ይህ ሰው ፀሐይ ውስጥ የሚነደውን ዓይነት እሳት በምድር ላይ፣ በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ለማንደድ ይለፋ ነበር። ያ እሳት ደግሞ አመለኛ ነው፤ እድፍ አይወድም። የጋኑን ውስጥ በባዶ እጅ የነካ ሰው ካለ፣ የጣቱ ወዝ ብቻ ያከስመዋል። ስለዚህ በዚያ የምርምር ቤት አንድ ወግ ነበር። የነካ ሰው ጋኑ ሳይዘጋ «ነክቻለሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ማንም አይቆጣውም። ነክቶ ዝም ላለ ግን ወዮለት። እንዲህ እየተጠነቀቁም እሳቱ ይቀጣጠልና ይጠፋል። በመጨረሻ በገንዘብ የሚደግፏቸው ሰዎች ሰለቹ፤ ቤቱም ተዘጋ።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ከረመ። ኋላ ግን ጥቃቅን መሣሪያ ከሚሠራ አንድ ነጋዴ ጋር ሽርክና ገባ። ከምስር ፍሬ የምታንስ፣ በልብ ሕመምተኛ ደረት ውስጥ ተቀብራ የደም ግፊት የምትለካ ዕቃ ሠሩ።

የመጀመሪያዋን የምትረከበው ሐኪም የመጣች ዕለት ሸሪኩ ፊቱ በርቷል። ዕቃዋ ተፈትሻ አልፋለች። ሰውየው ጓንቱን ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ አየው። ዕቃዋን የዘጋት በዚያ ጣት ነው፤ ወዙ ውስጧ ከገባ ዛሬ ሳይሆን ከወራት በኋላ፣ በሰው ደረት ውስጥ ያበላሻታል። ዕቃዋ የምትቀበርላት ሕመምተኛ ሌላ እስኪሠራላት መቆየት ትችላለች። ሸሪኩ ግን «ዛሬ ካላስረከብን ተለያየን» ብሏል። ይህም ቤት ሊዘጋበት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ሐኪሟ እጇን ዘረጋች።

«ነክቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሸሪኩ ደንግጦ።

«ጓንቴ ተቀዷል። ስዘጋት ነክቻታለሁ።»

«ተፈትሻ አልፋለች እኮ! ደግሞስ ማን አየህ? የፀሐይ እሳት ያላቃጠለህ ሰው በጣት ወዝ ልታልቅ!»

ሰውየው ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዶሻ አደቀቃት። ሸሪኩ በሩን በርግዶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሐኪሟ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሌላዋን ይጀምሩ» አለችው። «እጠብቃለሁ። እኔም የምቀብረው እንዲህ የሚጮኽ ሰው የሠራውን ነው።»

መምህር ይርዳው ወደ ሰብለ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ያ የተዘጋብሽ ምርምር እንደዚያ ጋን ነው። እሳቱን ነሥቶሻል፤ አልቅሺለት፣ ይገባዋል። እጅሽን ግን እሱ ነው የገራልሽ። ነገ በምትገቢበት አዲስ ቤት ‹ምን ይዘሽ መጣሽ?› ቢሉሽ፣ እጅሽን አሳዪያቸው።»