ያለ ገፊ የተነሣችው መኪና

የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ አምባዬ አንዲት ያረጀች መኪና ነበረቻቸው። ከየመንደሩ ጉብኝት ሲመለሱ ሞተሯ እንቢ ስለሚል፣ ሕዝቡ ተሯሩጦ እየገፋ ይሸኛቸው ነበር። እርሳቸውም ከኋላ ወንበር ተደላድለው ያን ሁሉ ላብ የፍቅር ምስክር አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

ሾፌራቸው ግን በአንድ ጉብኝት ዋዜማ ለሞተሩ እሳት መስጠት የተሳናቸውን ካንዴላዎችና ኃይል የሚልክላቸውን የደከመ ኮይል በአዲስ ተካቸው። በማግስቱ ከጉብኝቱ ሲመለሱ ቁልፉ እንደዞረ መኪናዋ ተነሣች፤ ሊገፋ የተሰበሰበውም ሕዝብ ባለበት ቆሞ ቀረ። የፊታውራሪ ፊት ጠቆረ።

«አንተ ሰው፣ ሕዝቤ ፍቅሩን የሚገልጥበትን መንገድ ዘጋህብኝ» አሉት። «ፍቅሩን የምለካበት ሌላ መላ ካለህ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ከሌለህ ከሥራህ ተባረሃል።»

ሾፌሩ እንጀራው በመልሱ ላይ መንጠልጠሉን ዐውቆ በትሕትና ዞር አለ።

«አለኝ፣ ጌታዬ። ያገራችን ሰው የሚወደው እንግዳ ልሂድ ሲለው፣ ‹በሞቴ ይደሩ› ብሎ ይይዘዋል። እስከ ዛሬ ይህ ሕዝብ እርስዎን ለማስኬድ በመግፋት ተጠምዶ፣ ይህን ለማለት ፋታ አላገኘም። አሁን ግን እጁ ነፃ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ እጠብቃለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ‹ይደሩ› ካለዎት፣ ካንዴላዎቹን በገዛ እጄ ነቅዬ አሳድርዎታለሁ።»