የአዋላጇ እጅ

በድሮ ዘመን፣ በአንዲት ትንሽ አገር፣ ደምሌ የሚባል ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነበር። ብልጥ ነው፣ የንጉሡ መካሪ ነው፣ ካንዲት ልጁ ከየሻረግ በቀር ደግሞ የሚሳሳለት ሰው የለውም። እናቷ ስትሞት እሱ ራሱ አዝሎ ያሳደጋት ልጅ ናት። ይህችን ነገር ያዙልኝ። አንቺ፣ ምን ያስቅሻል? ዛሬ የሚያስቅ ተረት አላመጣሁም።

አገሪቱ ትንሽ ናት ብያችኋለሁ። ጠዋት ከዚህ ዳር የተነሣ መንገደኛ ለምሳ እዚያኛው ዳር ይደርሳል። ንጉሡን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነበር።

"ጎረቤቶቻችን ይንቁናል" አለ ንጉሡ። "ከማዶ ሆነው የሚያዩት ትልቅ ጎተራ አሠራለሁ። ግን በምን ልሙላው ደምሌ?"

በዚያች አገር አንድ ደንብ ነበር። ሦስት ሰዎች ዶማም ሞፈርም አይነኩም፤ ምንጭ ጠባቂው፣ ወጌሻውና አዋላጇ። የእነሱን ማሳ አገሬው በደቦ ወጥቶ ያርስላቸዋል፣ ያርምላቸዋል፣ ያጭድላቸዋል።

ታዲያ ደምሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ንጉሥ ሆይ፣ ምንጭ ጠባቂ እህል ያበቅላል? ወጌሻ እህል ያበቅላል? አዋላጅ እህል ታበቅላለች? ሦስቱንም ተራ በተራ ወደ እርሻ ያውርዷቸው። ለእነሱ ደቦ የሚወጣውም ሰው ለጎተራው ይሥራ።"

ንጉሡ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ምክሩ በጆሮ ሲሰሙት ደስ ይላል።

በመጀመሪያው ዓመት ምንጭ ጠባቂው እርሻ ወረደ። ጎተራው እስከ ወገቡ ሞላ። ምንጩን የሚጠርግ ጠፋና ከብት ገባበት፤ ልጆች ሆዳቸውን ታመው ተኙ፤ ተኝተው የቀሩም ነበሩ። እናቶች እያለቀሱ ደምሌ ደጅ መጡ።

"ምን ያስለቅሳችኋል? ጎተራው እየሞላ አይደለም ወይ?" አላቸው።

በሁለተኛው ዓመት ወጌሻው ዱር ሊመነጥር ቆላ ወረደ። ጎተራው እስከ አንገቱ ሞላ። አንድ ጎበዝ አራሽ ገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ወጌሻው ከምንጣሮው እስኪለቀቅ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ያ ጎበዝ ምርኩዙን ይዞ ደምሌ ደጅ መጣ።

"ምን ያማርርሃል? ጎተራው እየሞላ አይደለም ወይ?" አለው።

"አያ ደምሌ፣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አያርቁትም፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም" አለው አንካሳው፤ ብሎም ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት ተራው የአዋላጇ ሆነ። እማማ ዘርትሁን ይሏታል። እሷ ግን አላለቀሰችም። ደምሌ ደጅ መጥታ እጇን ዘርግታ አሳየችው።

"ደምሌ ልጄ፣ ጎተራ መሙላቱን ማን ጠላ? ሲርበን የምንበላው እሱን ነው። እኔ ግን የማየው በጣቴ ነው። ሕፃን በእናቱ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደተኛ ዓይን አያይም፤ ጣት ነው የሚያየው። እጄ ከሻከረ ታወርኩ ማለት ነው። አንተንም ከእናትህ የተቀበልኩህ በዚህችው እጅ ነው እኮ።"

ደምሌ አፈረ። አፈረ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። "እማማ፣ ጎተራው እየሞላ አይደለም ወይ?" አላትና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እማማ ዘርትሁን ሁለት ክረምት ቆፈረች። ጎተራው ጢም ብሎ ሞላ። ጎረቤቶችም ከማዶ ሆነው አዩት፤ ጉድ ነው አሉ። ንጉሡ ለደምሌ የወርቅ ጥልፍ ካባ አለበሰው፣ በቅሎም ሸለመው።

ካባውን በለበሰበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሻረግ የመጀመሪያ ምጧ መጣ።

ምጡ ጠናባት። ደምሌ በተሸለማት በቅሎ እየጋለበ አዋላጇን ፍለጋ ሄደ፤ ማሳ ላይ አገኛት። ነገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ገባት። ዶማዋን ጥላ ተከተለችው። ቂም የምታውቅ ሴት አልነበረችም።

እጇን ታጠበች፣ ቅቤ ተቀባች፣ የሻረግን ሆድ ዳሰሰች። አንዴ ዳሰሰች። ሁለቴ ዳሰሰች። ሦስቴ ዳሰሰች።

"እማማ፣ ምን ይላሉ?" አለ ደምሌ።

"አይሰማኝም" አለች። መዳፏን ገልብጣ አሳየችው፤ እንደ በሬ ጫንቃ ጠጥሯል። "እግሩ ይሁን ጭንቅላቱ መለየት አቃተኝ ልጄ። ወዴት ላዙረው?"

"አባዬ፣ እጄን ያዘኝ" አለች የሻረግ።

ያዛት። የእሱ እጅ ለስላሳ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ዶማ ጨብጦ አያውቅማ። ለስላሳ ይሁን እንጂ ያ እጅ አንዲትም ነገር አያውቅም። ወይኔ ልጆቼ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ የሻረግም ልጇም አለፉ።

በማግስቱ ንጉሡ ለቅሶ መጣ። መካሪውን ይወደው ስለነበር አጽናናው፤ ሌላ የማጽናኛ ቃል ግን ማን አስተምሮት?

"አይዞህ ደምሌ" አለው። "ጎተራው ሞልቶልናል አይደለም ወይ?"

ያ ምላሱ ቅቤ የነበረ ሰው ካባውን አውልቆ ንጉሡ እግር ሥር አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ። ቀጥ ብሎ እማማ ዘርትሁን ማሳ ገባ፤ ጥላው የሄደችውን ዶማ አነሣና መቆፈር ጀመረ።

አሮጊቷ መጥታ ሲቆፍር አየችው። "አሁን ብትቆፍርልኝ እጄ አይመለስም" አለችው። "የእህቴን የልጅ ልጅ ግን ሙያዬን ላስተምራት ነው። እጇ ገና ለስላሳ ነው። ለእሷ ቆፍርላት።"

ቆፈረላት። ንጉሡም ያን ባዶ ካባ እያየ አፈረና ደንቡን መለሰ። ደምሌ ግን ደቦውን አልጠበቀም፤ እስኪሞት ድረስ ብቻውን ቆፈረ። ያች ልጅ ስንት ሕፃን ተቀበለች! አዲስ ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ደምሌ ዶማውን ተደግፎ ያዳምጣል፤ ያለቅሳልም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጎተራም ይሙላ፤ ጎተራው የሚሞላለት ሰው ግን ይጠበቅ። አንዱን ለአንዱ የሸጠ አገር ሁለቱንም ያጣል።

ተረቴን ጨረስኩ። ሌላ ጊዜ አፌን በዳቦ አብሱ እላችሁ ነበር፤ ዛሬ ዳቦውም አያስፈልገኝ። ነገ ጠዋት ተነሡና የአዋላጃችንን ማሳ አርሙላት።