ሲያወድሷት የጠፋች አገር

አንድ አገሩ የጠፋበት ሕዝብ ነበር። ከሰባ ዓመት በፊት የማይገፈፍ ጉም ወርዶ ምድሩን ሸፈነው፤ ሰውም ከብትም በገዛ ደጁ መንገድ ጠፋው። የተረፉት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየተደናበሩ ወጥተው በሌላ ሕዝብ መሬት ላይ በእንግድነት ተቀመጡ። እንግድነት ሰባ ዓመት ሲቆይ ግን ስሙ ይለወጣል። አንድ ቀን የዚያ አገር ገዥ ሽማግሌዎቻቸውን አስጠራና፣ «ጉሙ ተገፍፏል ይባላል። እስከ መጪው አዝመራ አገራችሁን ፈልጋችሁ ከምድሬ ውጡ። ካልሆነ ለባላባቶቼ ትታደላላችሁ፤ ባል ወዲህ፣ ሚስት ወዲያ ቢደርስ አልጠየቅበትም» አላቸው።

ይህ ሕዝብ አንድ ልማድ ነበረው። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ይሰበሰብና አገር ነጋሪ የሚባለው ሰው ቆሞ የጠፋችውን አገር ከዳር እስከ ዳር ያወድሳል። ተራራዋን፣ ውሃዋን፣ አፈሯን ይዘረዝራል። ውዳሴውን ሲጨርስ ታዲያ ከራሱ አንድ ውበት ጨምሮባት ይቀመጣል። ሳይጨምር የተቀመጠ ነጋሪ፣ ለአገሩ እንኳ የሚሰስት ንፉግ ይባል ነበር። በዚህ ዓይነት በአያት፣ በአባትና በልጅ ዘመን አገሪቱ ወንዟ ማር፣ ድንጋይዋ ዕንቁ፣ ዛፏ ዓመቱን ሙሉ የሚያፈራ ሆነች። ሰዉ አለቀሰላት፣ ዘፈነላት፣ በስሟ ማለ። ጎረቤቶቻቸው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

አገሪቱን ለመፈለግ ሦስት ሰዎች ተመረጡ። አንዱ ነጋሪው ደምለው ነው፤ ውዳሴውን ከአያቱና ከአባቱ ወርሶ በቃሉ የያዘ እሱ ብቻ ነበርና። ሁለተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ እማዋይሽ ናት፤ ጭቃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ቃሏን የማታጥፍ ሴት። ሦስተኛው አባ ቢተው ናቸው። ከአገሪቱ ሲወጡ በአባታቸው ትከሻ ላይ የነበሩ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አሁን በሕይወት ካሉት ሁሉ በዚያች ምድር የተወለዱ እሳቸው ብቻ ናቸው። እርጅናቸውን አስቦ «ይቅሩ» ያላቸው ሁሉ ለመናቸው እንጂ አላስቀራቸውም። ሦስቱም በመንገድ ላይ አንዱ ሌላውን ላይጥል ተማማሉ።

ሲወጡ የጎረቤት ሽማግሌ አንድ ነገር አስጠነቀቃቸው። «ከተራራው ማዶ የምስክር ሜዳ አለ። ከጓደኛው የደበቀው ነገር ያለ ሰው እዚያ ሲገባ ጥላው ይተወዋል። ልብ አድርጉ» አላቸው። ደምለው ይህን ሲሰማ ወሬውን ወደ ሌላ አዞረ፤ ያኔ ግን ምክንያቱን ለራሱም አልነገረውም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወረዱ። ድንጋዩ ጥቁር ነው። መሐል ለመሐል ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ ቢቀምሱት ጨው ጨው ይላል። ዳርና ዳሩ ላይ የእሾህ ዛፎች ቆመዋል እንጂ ሰው የሚባል የለም። ደምለው ዙሪያውን አየና ቀለል አለው። ይህች ልትሆን አትችልም አለ በልቡ።

አባ ቢተው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ንዳድ ያዛቸው። እየተንቀጠቀጡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ልጆቼ፣ እዚሁ ብታሳርፉኝ ደስ ይለኛል» አሉ። እማዋይሽ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ አፈሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ታሻለች። ትንሽ ምላሷ ላይ አድርጋ ተፋችው። ብዙ ቆየች።

«ምን አገኘሽ?» አላት ደምለው።

«አፈር ነው» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ነጋሪ፣ አገራችን መግቢያው ላይ በሽተኛ የሚፈውስ ምንጭ አለ ብለህ ነግረኸን የለም? አባን እዚያ እናድርሳቸው።»

ያን ምንጭ የጨመረው ደምለው ራሱ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት እናቱ በንዳድ ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ፊት ቆሞ ውዳሴውን ሲጨርስ፣ ሳያስበው ከአንደበቱ የወጣው የሚፈውስ ምንጭ ነው። ሰዉ አለቀሰ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ምንጩ ከአገሪቱ ጋር ኖረ። አሁን «የለም» ቢል፣ ስለ ማሩስ፣ ስለ ዕንቁውስ ምን ይሉታል? አባቱንና አያቱንስ ማን ያምናቸዋል?

«ሩቅ አይሆንም» አለ።

ከእሾህ ዛፎቹ እንጨት ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ፤ አባ ቢተውን አስተኝተው ሸለቆውን ትተው ሄዱ። በማግሥቱ ከምስክር ሜዳ ገቡ። ደምለው የቃሬዛውን የኋላ ጫፍ መረጠ፤ እግሩ በቃሬዛው ጥላ ውስጥ ይውልለታልና። በመጀመሪያው ቀን ጥላው ሳሳ። በሦስተኛው ቀን እንደ ታጠበ ቀለም ሆነ። በአምስተኛው ቀን ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለመሽናት እንኳ ራቅ ሲል ፀሐይ ከደመና እስክትገባ ይጠብቅ ጀመር። የጓደኞቹን እግር ላለማየት ተጠነቀቀ፤ እነሱም የእሱን እንዳያዩ ፈርቶ ነው።

እማዋይሽ ሲያርፉ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። «ነጋሪ፣ ስንት ቀን ይቀረናል?»

«ትንሽ» ይላታል።

የከፋው ግን የአባ ቢተው ነው። ትኩሳቱ ሲበረታባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ደምለው ልጄ፣ የምንጯን እስቲ ድገምልኝ» ይላሉ። እሱም ይደግምላቸዋል። ውሃዋ እንደ ወተት ነጭ ነው ይላል፤ የነካችው ሁሉ ይነሣል ይላል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ነጋሪ ነውና ለዚህ ሠልጥኗል። እሳቸው ፈገግ ብለው ያንቀላፋሉ። እሱ ግን እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ኮዳው እየቀለለ፣ ሽማግሌው እየከበዱ ሄዱ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ሰውዬውን በገዛ እጁ ወደ መቃብር የሚሸከም ይመስለው ነበር፤ ይመስለው ነበር ማለቴ እንዳይከፋበት ነው እንጂ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ አያውቅም።

ከሸለቆው በወጡ በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባ ቢተው ስለ ምንጩ መጠየቅ አቆሙ። ደምለው ጥቂት ጠበቀ። ሲጠይቁት የሚሸሸውን ጥያቄ አሁን ለምኖ ሊሰማው ወደደ። ያን ጊዜ ቃሬዛውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳረፈው።

«ምንጭ የለም» አለ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። እናቴ በሞተች ዓመት ነው። ወርቃማውን በርም፣ የሚዘምሩትን ወፎችም እኔ ነኝ። ማሩን አባቴ ይሁን አያቴ አላውቅም። ውሸቱን ከእውነቱ መለየት አልችልም፤ ይዤያችሁ የምሄደው ወዴት እንደሆነ አላውቅም።»

እማዋይሽ ትጮህበታለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ቃሬዛውን ዞራ መጥታ ፀሐይዋን በጀርባዋ ሰጥታ ቆመች። ጥላ በሚረዝምበት በዚያ ሰዓት በፊቷ ያለው መሬት ባዶ ነበር።

«የኔም ከሄደ ሰነበተ» አለችው። «ያ ሸለቆ አፈሩ የአያቴ ገንቦ አፈር ነው። ከአገር የወጣ አንድ ገንቦ ነበራቸው፤ ሲሰነጠቅ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ነው፣ ውስጡ ያለው አሸዋ እንደ ጨው ፍሬ ያብለጨልጫል፣ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል። እንዴት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነጋሪው አንተ ነህ። ያንተን ቃልና የአባትህን ቃል በቁንጥር አፈር ላፍርሰው? እኔው ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ለዚያ ነው ምንጩን የጠየቅኩህ፤ አለ ካልከኝ ሸለቆው አይደለም ማለት ነው ብዬ።»

አባ ቢተው ከቃሬዛው ላይ እጃቸውን አነሡ። እጃቸው አየር ላይ ተዘረጋ፤ አሸዋው ላይ ግን ያረፈ ጥላ አልነበረም።

«አያትህ መጀመሪያ ሲነግር እኔ ልጅ ነበርኩ» አሉ በሰለለ ድምፅ። «ያኔ አራት ነገር ብቻ ነበር የሚለው። ጥቁር ድንጋይ። ጨው ጨው የሚል ቀጭን ውሃ። የእሾህ ዛፍ። የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚገባበት ጠባብ ሸለቆ። ከዚያ መጨመር ሲጀምር ደስ አለኝ። የሰው አገር ልጆች ሲስቁብን፣ አገሬ ድሃ ናት ከማለት ማሩ ይሻለኝ ነበር። እዚያ ሸለቆ ስንገባ ጠረጠርኩ። ግን ሸክም ሆኜባችኋለሁ፤ ደክሞት ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። ተማምለው የወጡ፣ እርስ በርስ የሚዋደዱ፣ አንዱ ለሌላው የሚሞት ሰዎች ናቸው። አንዱ የውዳሴውን ጭማሪ ያውቃል፣ አንዷ አፈሩን ታውቃለች፣ አንዱ የመጀመሪያውን ቃል ያውቃሉ። አንድ ላይ ቢያወሩት አገራቸውን የቆሙባት ቦታ ላይ ያገኟት ነበር። እያንዳንዱ ሌላውን ላለማሳፈር ሲል የያዘውን ዋጠ፤ ከአገራቸውም ዘጠኝ ቀን ራቁ።

ቃሬዛውን አዞሩት። ደምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተራመደም ማለት ይቻላል፤ ሮጠ እንጂ። እማዋይሽ የራሷን ውሃ ለአባ ቢተው እያጠጣች ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። እሳቸው «አራቱን ንገረኝ» ይሉታል፤ እሱም አራቱን ይነግራቸዋል። አንድም አይጨምርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለአባ ቢተው ግን ዘጠኝ ቀን አድሮ ነው የጠራው። ሸለቆው ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው ቃሬዛ ላይ አረፉ።

አስከሬናቸውን ተሸክመው ገቡ። ጥቁሩን ድንጋይ ፈንቅለው ቀበሯቸው። ደምለው መቃብሩ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማዋይሽ አላባበለችውም። «አልቅስ፤ ይገባሃል። እኔም ይገባኛል» ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

ወደ ሕዝባቸው ሲመለሱ አዝመራው ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል። ደምለው መንገዱን ሙሉ ሲያስብ የመጣው አንድ ነገር ነው። ድንጋይ ናት ብላቸው ማን ይከተለኛል? ለባላባት መገዛት ይሻለናል ቢሉስ? አንዲት ትንሽ ነገር፣ አንድ የጥድ ጫካ ብቻ ብጨምርላቸው ምናለ? ይህ ሐሳብ ሸንጎው ፊት እስኪቆም አልለቀቀውም። ሕዝቡ ከነልጆቹ ተሰብስቦ አፍ አፉን ያያል።

«ጥቁር ድንጋይ ናት» አለ። «ውሃዋ ቀጭን ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ዛፏ እሾህ ነው። ሸለቆዋ ጠባብ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ ይገባባታል።»

በልማዱ መሠረት አንድ ነገር መጨመር ነበረበት።

«የአባ ቢተውም መቃብር እዚያ ነው። አገራችን ላይ ቆመን ሳለ ምንጭ አለ ብዬ ዋሽቼ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ» አለና ተቀመጠ።

ማንም አላለቀሰም። ማንም አልዘፈነም። ደምለው ሁሉም ነገር አበቃ ብሎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከኋላ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ተነሣች።

«ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለች።

በሰባ ዓመት ውስጥ ከውዳሴው በኋላ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ወዳጄ፣ የምንወደው ነገር የሚጠፋው ጠላት ሲነጥቀን ብቻ አይደለም። ያልሆነችውን ሆነች እያልን ስናወድሳት፣ አንድ ቀን ፊት ለፊት ቆማ ሳናውቃት እናልፋታለን። ማር የሚፈስባት አገር ታስለቅሳለች፣ ታዘፍናለች፤ ጓዝ አስጠቅልላ መንገድ የምታስጀምረው ግን እውነተኛዋ ናት። ጓደኛን ማክበርም እንደዚሁ ነው፤ እንዳያፍር ብለህ የዋጥክለት ቃል፣ አንተም እሱም የምትሸከሙት ቃሬዛ ይሆናል።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። ለምትወደው ሰው አዝነህ ያልነገርከው ነገር ምንድን ነው? ዝም ካልክበትስ ስንት ቀን ሆነው?