ግድግዳ ሲያዩ የገባው ኳስ

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ በኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ኤርጫፎ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አየለች ነበሩ። ልጃቸው ምሕረቱ በተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ላይ ነበር። አሰልጣኝ ሀንዲኖ ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ሺፈራው ነበር። የቀሩት እናንተ ናችሁ፤ ግማሻችሁ እዚያ ስለ ነበራችሁ ስሳሳት አርሙኝ።

ጋሽ ኤርጫፎ ዛሬም ለስብከቱ መጥተው ያውና ከምእመናን ጋር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ታሪኩን ልናገረው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ስሜን ጠርተህ ተናገር። አንተ ባትጠራው እነሱ ይጠሩታል» ብለውኛል። ስለዚህ እጠራለሁ።

እኚህ አባት ዓመቱን ሙሉ የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር። ዋንጫ አይደለም። ሽልማት አይደለም። ልጃቸው ምሕረቱ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሜዳ ገብቶ ሲጫወት ማየት ነበር።

ምሕረቱን ታውቁታላችሁ፤ አጭር ነው። ሺፈራው «ይሄን ልጅ ፀጉሩን ስቆርጠው ወንበሩ ላይ ትራስ እደርብለታለሁ» ይላል። በቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አጭር መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ሠራ፣ ዓመቱን ሙሉ ማሊያ ለበሰ፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባቱም በየጨዋታው፣ የወፍጮ ጩኸት በለመደው ድምፃቸው፣ «አሰልጣኝ! ልጁን አስገባው!» እያሉ ጮኹ።

አሰልጣኙ አላስገቡትም።

እንግዲህ ስለ ደጋፊው ልማድ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የእኛ ደጋፊ የሚቀመጠው በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ነው። ከደረጃው ኋላ ነጭ ግድግዳ አለ። ደጋፊው በአሰልጣኝ ሲናደድ አይሳደብም፤ ድንጋይ አይወረውርም። ይነሣል፣ ይዞራል፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ግድግዳውን እያየ ዝም ይላል። ከበሮ እስኪመታ ድረስ ማንም አይዞርም። ከበሮው በማን እጅ ነው? በጋሽ ኤርጫፎ እጅ ነው።

ከዚህ በፊት የነበሩት አሰልጣኝ ይህን ሲያዩ ይደነግጡ ነበር። ወዲያው ተጫዋች ይቀይሩ ነበር። ደጋፊውም «ለካ ይሠራል!» ብሎ ልማድ አደረገው። አሰልጣኝ ሀንዲኖ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ጀርባ ሲሰጧቸው ዘወር ብለውም አያዩም።

ቅዳሜ ዕለት የመጣው ቡድን የካቻምናው ሻምፒዮን ነበር። ከትልቅ ከተማ፣ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ በትልቅ አውቶቡስ መጣ። ተጫዋቾቹ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ በሩ ላይ ጎንበስ ይሉ ነበር። ሺፈራው አይቶ «እነዚህን ፀጉር ለመቁረጥ መሰላል ያስፈልገኛል» አለ። ሁሉም ሳቀ።

ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነው። የተሸነፈ በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምሕረቱ ደግሞ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። በዚያ ቀን ከተሸነፉ ማሊያውን ይመልሳል፣ ይመረቃል፣ አለቀ። አባቱ የለመኑትን ሳያዩ ይቀራሉ። ጋሽ ኤርጫፎ ያንን ቀን በምን ልብ እንደ መጡ አሁን ይገባችኋል?

ጨዋታው ተጀመረ። የእኛ ልጆች መጀመሪያ ላይ ታገሉ። በሦስተኛው ሩብ ግን ረጃጅሞቹ ተቆጣጠሩት። ልዩነቱ አሥራ አምስት ነጥብ ደረሰ። ጋሽ ኤርጫፎ መታገሥ አቃታቸው። ከበሯቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ደረጃውን ወርደው፣ አሰልጣኙ ዘንድ ሄዱ።

«አሰልጣኝ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?»

«ይቀመጡ ጋሼ። ጊዜው ገና ነው።»

«ገና? ዓመቱን ሙሉ ገና! ልጁ እኮ እዚያ ወንበር ላይ ጢም አወጣ!»

በተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ምሕረቱ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። አሰልጣኙ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ይመኑኝ» አሉ፤ ወደ ሜዳውም ተመለሱ።

ይመኑኝ። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጋሽ ኤርጫፎ ደረጃውን ወጡ። ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ተነሡ!» አሉ። ደጋፊው ተነሣ። «ዙሩ!» አሉ። ደጋፊው ዞረ። ያ ሁሉ ሰው፣ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ ማየት ጀመረ።

አንድ ሰው ብቻ አልዞረም። ወይዘሮ አየለች ከሜዳው ማዶ፣ ከእንግዶቹ ደጋፊዎች አጠገብ፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ወደ ሜዳ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ልማዱንም አያውቁም። «ባሌ ምን ነካው? ግድግዳው ላይ ምን ተጽፏል?» ብለው አጠገባቸው ያሉትን ሴቶች ጠየቁ።

አራተኛው ሩብ ተጀመረ።

አሰልጣኝ ሀንዲኖ ዓይናቸው የእንግዶቹ እግር ላይ ነበር። ከተማችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ላልለመደው ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያሳጥራል። ረጃጅሞቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየደገፉ መተንፈስ ሲጀምሩ አዩ። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቁት ይህንን ነበር። ወደ ወንበሩ ጫፍ ዞረው «ምሕረቱ፣ ፎጣውን አውርድ» አሉ።

ልጁ ተነሣ። መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? ወደ ደረጃው ቀና ብሎ አባቱን ፈለገ። አገኛቸውም። ሰማያዊ ኮታቸውን አገኘው፣ የከበሮውን ጠፍር አገኘው። ፊታቸውን ግን አላገኘውም።

ከዚያ ገባ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንሂድ። ሜዳው ላይ ጩኸት ተነሣ። የእኛ ደጋፊ ዝም ብሏል፤ ስለዚህ ጩኸት ሁሉ የሚመጣው ከማዶ፣ ከደነገጡት የእንግዶቹ ደጋፊዎች ነው። ጋሽ ኤርጫፎ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግሞ አገቡብን» አሉ።

ሌላ ጩኸት ተነሣ። የበለጠ።

«ኧረ ጋሽዬ» አለ ሺፈራው፣ «ይሄ ጩኸት የሴቶችም አለበት። ትንሽ፣ በአንድ ዓይኔ ብቻ ልይ?»

«እንዳትዞር!»

«በአንድ ዓይን እኮ ነው!»

«በአንድ ዓይንም መዞር መዞር ነው! አሰልጣኙ እኛን ይይ እንጂ እኛ እሱን አናይም!»

ሺፈራው ወደ ግድግዳው ተመለሰ። «ይሄ ግድግዳ ቀለም ያስፈልገዋል» ብሎ አጉረመረመ። ከማዶ ወይዘሮ አየለች ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ «አንተ ሰውዬ! ኧረ ዙር! ልጅህን!» እያሉ ይጮኹ ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ማን ይሰማቸዋል? ግድግዳ ለሚያይ ሰው ማን ጃንጥላ ያወዛውዛል?

ልዩነቱ አሥር ሆነ። ስድስት ሆነ። አንድ ሆነ። ምሕረቱ በረጃጅሞቹ ክንድ ሥር እየሾለከ ኳስ ይነጥቃል፣ ለጓደኞቹ ያቀብላል፤ እነሱም ያገባሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዱ እንግዳ ኳሷን በድካም አንጥሮ ለጓደኛው ሊሰጥ ሞከረ። ምሕረቱ መሐል ገብቶ ነጠቀ። ሮጠ። ሁለት ረጃጅሞች ተከተሉት። ከቅርጫቱ ሥር ዘለለ፤ ኳሷ ብረቱ ላይ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ገባች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ።

ትንሹ ኮሌጅ ሻምፒዮኑን ጣለ። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ በየሱቁ ይወራል። የራሱ ደጋፊ ግን ግድግዳ ያይ ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ ፊሽካውን ሰሙ። «በቃ፣ አለቀልን» አሉ። ከበሮውን አንዴ፣ በቀስታ መቱት። ሁሉም ዞረ።

ሜዳው ላይ ተጫዋቾቹ አንድ ልጅ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ይዘላሉ። እንግዶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤርጫፎ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሺፈራው፣ ማንን ነው የተሸከሙት?»

«ጋሽዬ» አለ ሺፈራው፣ «ትራስ የምደርብለትን ልጅ ነው።»

ወይዘሮ አየለች ሜዳውን አቋርጠው መጡ።

«መቼ ገባ?» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

«ስታኮርፍ ነው የገባው» አሉ ወይዘሮ አየለች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ልጁ ከትከሻ ወርዶ ወደ አባቱ ሮጠ። ላቡ ይንጠባጠባል። «አባ!» አለ፣ «የመጨረሻዋን አየሃት?»

ምን ይበሉት? «አየሁ ልጄ፣ ግሩም ነበር» ማለት ይቻል ነበር። ልጁ የአባቱን ጀርባ አስቀድሞ ባያይ ኖሮ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ የከበሮውን ጠፍር ከትከሻቸው አወረዱ።

«አላየኋትም» አሉ። «አንዷንም አላየሁም ልጄ። ግድግዳ እያየሁ ነበር።»

ምሕረቱ አባቱን አየ። ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሳቀ። ይህ ልጅ ደግ ልጅ ነው። «ና» አለ፣ «ላሳይህ።»

ሰው ሁሉ እየጨፈረ ወደ ከተማ ሲወርድ ሦስቱ ሜዳው ላይ ቀሩ። ልጁ ኳሷን ያዘ። «እዚህ ጋ ነጠቅሁ። እዚህ ጋ ግን ረጅሙ ልጅ ያባርረኝ ነበር።» ወይዘሮ አየለች ጃንጥላቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እኔ ረጅሙ ነኝ፣ ሩጥ!» አሉ። ሮጠ። እናቱ በጫማቸው እየተደናቀፉ ተከተሉት። ዘለለ። ሳተ። «እንዲህ ነበር?» አሉ አባቱ። «ኧረ አይደለም፣ እማ እያሳቀችኝ ነው!» ደግሞ ሮጠ። ሁለተኛው ገባ። ጋሽ ኤርጫፎ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ወገኖቼ፣ ጋሽ ኤርጫፎ ምን ጎደላቸው? ፍቅር? ልጃቸውን ይወዱታል። ጸሎት? ዓመቱን ሙሉ ለምነዋል፤ እንደ እሳቸው የለመነ የለም። የለመኑት አልተሰጠም? ተሰጠ! ከለመኑት በላይ ተሰጠ። እሳቸው «ይግባ» ነው ያሉት፤ እሱ ገብቶ አሸነፈ። ታዲያ ምን ጎደለ? ፊታቸው ብቻ ነው የጎደለው።

እናንተስ? ከእግዚአብሔር ጋር አኩርፋችሁ የተቀመጣችሁ እዚህ የላችሁም? «ጊዜው ገና ነው» ሲላችሁ «ዓመቱን ሙሉ ገና!» ያላችሁ የላችሁም? ለባልሽ መለወጥ ስትጸልዪ ኖረሽ፣ አልሆነም ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። እሱ ትናንት ማታ ልጆቹን አጠገቡ ሰብስቦ ተረት ሲያወራላቸው አይተሻል? ወይስ ግድግዳ እያየሽ ነበር? አንተ ከወንድምህ ጋር መታረቅ ለምነህ ነበር። ወንድምህ በገበያ መሐል አይቶህ እጁን ሊዘረጋ ሲል ጀርባህን ሰጠኸው፤ ከዚያም «ጸሎቴ አልተሰማም» ትላለህ። እናንተ ገበሬዎች፣ ዝናብ ዘገየ ብላችሁ አኩርፋችሁ፣ ዝናቡ ሲመጣ ስለ ጭቃው አማርራችሁ አልነበረም?

ከማዶ ጩኸት ስትሰሙ «ደግሞ አገቡብን» አትበሉ። ምናልባት የእናንተ ልጅ ነው። ምናልባት አንድ ሰው ጃንጥላ እያወዛወዘ «ኧረ ዙር!» እያላችሁ ነው።

«ይመኑኝ» ያሉትን ቃል ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። አሰልጣኙ «ያሸንፋል» አላሉም። «ዛሬ ይገባል» አላሉም። ይመኑኝ ብቻ አሉ። የሚያምን ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ሲናደድም፣ ሲፈራም፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ይቀመጣል። ተናደዱ፤ እግዚአብሔር ንዴታችሁን ይችለዋል። ጩኹ፤ ይሰማል። ግን አትዙሩ። ለጋሽ ኤርጫፎ ደግ ልጅ ስላላቸው ኳሷ ሁለተኛ ተወረወረችላቸው። ሁሉም ነገር ሁለተኛ አይወረወርም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሌጃችን ከሌላ ቡድን ጋር ተጫውቶ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ምሕረቱ አልገባም። ጋሽ ኤርጫፎ ከወይዘሮ አየለች አጠገብ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ሜዳውን አዩ።