ከኋላ የሚወጣው ማን ነው?

አንድ ጥጋቡ የሚባል የፎርክሊፍት፣ ማለትም የዕቃ ማንሻ ማሽን፣ ሹፌር ነበረ። በመጋዘኑ የሚስተካከለው አልነበረም። ጭነቱ ከማሽኑ አቅም በላይ ሆኖ የኋላው ጎማ ከመሬት ሲነሳ «ኑ ውጡ!» ይላል፤ ጫኝና አውራጆቹም እየተሳሳቁ ከማሽኑ ጀርባ ተንጠልጥለው ክብደት ይሆኑለታል። እንደ ሙሽራ አጃቢ እየጮኹ ጭነቱን ያደርሳሉ።

አንድ ቀን ድርጅቱ ወይዘሮ አስናቀች የተባሉ የደህንነት አሰልጣኝ አመጣ። ፈተናቸውን ያላለፈ ቁልፉን ያስረክባል ተባለ። ጥጋቡ ሳቀ። ዝንጀሮን ገደል መውጣት ሊያስተምሩ ነው!

ወይዘሮ አስናቀች ስለ መሪም ስለ ፍሬንም አልጠየቁትም። ሴራሚክ የተቆለለበት ፓሌት፣ ማለትም የእንጨት ርብራብ፣ አሳዩትና «አንሳው» አሉት። ሲያነሳው የኋላው ጎማ ብድግ አለ። እንደ ልማዱ «ኑ ውጡ!» ብሎ ተጣራ።

«ቆይ» አሉት። «የሚወጡትን በየስማቸው ጥራቸው።»

ጥጋቡ ግራ ገባው። ምን ልዩነት አለው? ወደ ሰዎቹ ዞረ። ነስሩን ሊጠራ ሲል ሚስቱ ገና አራስ መሆኗ ትዝ አለው። ታረቀኝ ዓይነ ስውር እናቱን የሚጦር ብቸኛ ልጅ ነው። ሙላት ደግሞ የገዛ አማቹ። ማሽኑ ድንገት ቢያጋድል እነዚህ ሰዎች የት ሊወድቁ ነው? እስከ ዛሬ እንዴት አላሰበውም?

«ኧረ እትዬ፣ ግራ አጋቡኝ!» አለ። «በየቀኑ ይወጡ የለም እንዴ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል?»

«ተረቱማ ሎሚውን ተካፈሉት ነው የሚለው። አንተ ሰዎቹንም ከሎሚው ጋር ጫንካቸው።»

ጥጋቡ ጨነቀው። ፈተናው ማንሳት ይሁን አለማንሳት ሊገባው አልቻለም። ከዚህ ቁልፍ ሌላ እንጀራ የለውም። ከአፉ ግን አንድም ስም አልወጣም። በመጨረሻ ጭነቱን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ።

«አልቻልኩም፤ ይውሰዱት» አላቸው።

ወይዘሮ አስናቀች ቁልፉን መልሰው አስጨበጡት።

«አሁን ነው ሹፌር የሆንከው። በል ግማሹን አስወርድና ሁለቴ ተመላለስ።»

ያን ቀን ሥራው ትንሽ ዘገየ። ነስሩም ሲመሽ በሁለት እግሩ ወደ አራሷ ቤት ገባ።

ወዳጄ፣ ሰውን «ክብደት» ካልነው ማንንም ማንጠልጠል አይከብደንም፤ በስሙ ስንጠራው ግን እጃችን ይያዛል። በእኔና በአንተ ሥራስ፣ ስሙን ሳንጠራ ከኋላ ያንጠለጠልነው ማን ይሆን?